በሠርግ ቤት የማን ሥራ የማን ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የሠርግ ወጪ እየበዛ ስለ መሄዱ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ብዙ ተብሏል፤ እኔም ያንኑ ለመድገም ብዕሬን አላነሣሁም። ሐሳቤ ከወጪው ይልቅ በሥራው ድልድል ላይ ነው። ይኸውም ዛሬ በከተማችን ሠርግ ሲደገስ ገንዘብ እየተቀበሉ የሚረዱን ባለሙያዎች ብዙ ሲሆኑ፥ እኛ ደጋሾቹ ግን የእያንዳንዱ ባለሙያ ሥራ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ቀብድ ከፍለን የምንመለስ ሰዎች ሆነናል። ከዚህ የተነሣ የሚደርሰው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት በራሴ ቤት ከደረሰው ልጀምር።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ከጥምቀት በኋላ በዋለ እሑድ፥ ታናሽ እኅቴን ዳርን። አባታችን የመንግሥት ጡረተኛ ስለ ሆነ የድግሱ ኀላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነበር። እኔም በትምህርት ቤት ፈተና እያረምሁ፥ በማታ ደግሞ ተጨማሪ ክፍል እያስተማርሁ፥ ድንኳን ተካዩን፥ ወጥ ሠሪዋን፥ ካሜራማኑንና ዲጄውን በየፊናቸው ለማነጋገር ጊዜ አላገኘሁም። ስለዚህ ሁሉን በአንድ እጅ የሚይዝልኝ አንድ የሠርግ አስተባባሪ ቀጠርሁ። ወጣቱ ትሑትና ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። ስንት እንግዳ እንደሚመጣ ሲጠይቀኝ «ሁለት መቶ ሃምሳ» አልሁት፤ የዕለቱን ቅደም ተከተል ሲጠይቀኝም በአንድ ገጽ ላይ ጻፍን፤ ተጨባብጠንም ተለያየን።

የሠርጉ ዕለት የሆነው ግን እንዲህ ነው። ምሳው ለሰባት ሰዓት ተቆርጦ ሳለ ሙሽሮቹ ከፎቶግራፍ ሥፍራ የተመለሱት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። ካሜራማኑን በቍጣ ብጠይቀው፥ «እኔ የተቀጠርሁት ጥሩ ፎቶ ላነሣ ነው፤ የምሳውን ሰዓት የነገረኝ የለም» አለኝ። እናቴ በበኩሏ በእድሯና በማኅበሯ ያሉትን ሁሉ በቃሏ ጠርታ ስለ ነበር የመጣው እንግዳ ከሦስት መቶ ሃምሳ በለጠ፤ የመጨረሻው ማዕድ ላይ ወጡ አለቀ። ይህ ሁሉ ግን ከቀጥሎው ነገር ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከመንዝ መጥቶ ነበር። ለእርሱ ያ መንገድ ቀላል አልነበረም፤ ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል፤ በአገር ቤት ወቅቱ የውቂያ ስለ ነበርም በማግሥቱ መመለስ ነበረበት። ምሳ ከተበላ በኋላ እንደ ልማዱ ሊመርቅ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሁለት እጁንም ዘረጋ። በዚያች ቅጽበት ዲጄው የጭፈራውን ዘፈን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። አጎቴ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ከፊቱ ያሉትም «አሜን» ማለት ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ አልሰማ ሲል እጁን አጥፎ ተቀመጠ። እኔ ወደ አስተባባሪው ሮጥሁ። ልጁ የያዘውን ወረቀት እያሳየኝ፥ «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምርቃት የሚል በቅደም ተከተሉ ላይ የለም» አለኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ምርቃት የሚል ቃልም የለበትም።

አጎቴ በማግሥቱ ማለዳ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። በእኅቴ ቤት ያለው የሠርግ ቪዲዮ ሲታይ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማው ግን ዘፈኑ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በአስተባባሪው ላይ ስጭን ኖሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በባልደረቦቼና በዘመዶቼ ሠርግ ላይ እየረዳሁ ነገሩን ስመረምረው፥ የልጁ ጥፋት ከእኔ ጥፋት ያነሰ መሆኑን ተረዳሁ። እኔ ምርቃትን ያልጻፍሁት ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ ነው። ባለሙያ ግን የተነገረውን ይሠራል፤ ያልተነገረውን የቤት ልማድ ከወዴት ያውቀዋል? ምርቃት በአንዱ ቤት ከምሳ በፊት፥ በሌላው ከምሳ በኋላ፥ በሌላው ደግሞ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ነው።

«አባቶቻችን ያለ ዲጄና ያለ አስተባባሪ ድረው የለምን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን አስተባባሪ አልነበራቸውም ማለት ስሕተት ነው። አስተባባሪያቸው ጎረቤቱ ነበር። ጠላ የምትጠምቀው፥ ጠጅ የምትጥለው፥ ዳሱን የሚጥለው፥ እንግዳ የሚያስቀምጠውና ሥጋ ቤት የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ሳይነገረው የማያውቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም ያው ሰው ያንኑ ሥራ በአሥር ሠርግ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ ግን አንዱ ወንድም በጋራ መኖሪያ ቤት በአራተኛ ፎቅ ላይ፥ ሌላው በከተማው ዳር ይኖራል፤ ባልና ሚስትም ቀኑን በመሥሪያ ቤት ይውላሉ። ያን ጊዜ ጎረቤት በልማድ ይሠራው የነበረውን ዛሬ በገንዘብ እንገዛዋለን። ገንዘብ ግን ሥራውን እንጂ ልማዱን አይገዛም፤ ልማዱን መንገር የባለቤቱ ፈንታ ነው።

እንግዲህ የማን ሥራ የማን እንደ ሆነ ከተማርሁት ጥቂቱን ላካፍል።

በመጀመሪያ ደረጃ «አስተባባሪ» በሚል በአንድ ስም የሚጠሩት ሰዎች ሥራቸው አንድ አይደለም። አንደኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ በጀት የሚያወጣ፥ ባለሙያዎችን የሚያፈላልግና ዋጋ የሚያነጻጽር ነው። ሁለተኛው ቤተ ሰቡ ራሱ የቀጠራቸውን ሰዎች በሠርጉ ዕለት ብቻ በሰዓት እየተቈጣጠረ የሚያሠራ ነው። ሦስተኛው የራሱን ወንበር፥ መጋረጃና አበባ ይዞ «ሁሉን በጥቅል እሠራለሁ» የሚል ሲሆን፥ ይህ ሰው በእውነቱ ዕቃ አከራይና አስጌጭ ነው፤ ማስተባበሩ በተጨማሪ የመጣ ነው። ሦስቱም የከበሩ ሥራዎች ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው ሦስተኛውን ቀጥረን የመጀመሪያውን ሥራ ስንጠብቅበት ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠት በፊት «አንተ ከሦስቱ የትኛው ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከእነዚህ ጋር የማይደባለቅ አራተኛ ሰው አለ፤ እርሱም የአዳራሹ ኀላፊ ነው። ብዙ ሰዎች አዳራሽ ሲከራዩ የአዳራሹ ኀላፊ ሠርጉንም የሚያስተናብርላቸው ይመስላቸዋል። እርሱ ግን የአዳራሹ ሰው ነው፤ የሚጠብቀው መብራቱን፥ ወንበሩንና የመዝጊያ ሰዓቱን ነው። የእናንተ አክስት መቀመጫ ብታጣ ተጠያቂው እርሱ አይደለም። በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚያስቀምጡትንና በተለምዶ «ፕሮቶኮል» የምንላቸውን ወጣቶች ማዘጋጀት ያለበት ባለ ሠርጉ ወይም አስተባባሪው ነው። ለእነዚህም ወጣቶች ማን የት እንደሚቀመጥ ካልተነገራቸው፥ የሙሽራዋ አያት ከድምፅ ማጉያው ሥር፥ የሰፈር ጎረምሳ ደግሞ ከፊት ወንበር ሲቀመጡ እናያለን።

ወጥ ሠሪዋን በተመለከተ፥ እርሷ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ቁጥር ነው። ጤፉ ስንት ኩንታል እንደሚጋገር፥ በሬው አንድ ይሁን ሁለት፥ ቅቤና በርበሬው ስንት ኪሎ እንደ ሆነ የሚታወቀው ከእንግዳው ቁጥር ነው። የእንግዳውን ቁጥር የሚያውቁት ደግሞ ጥሪ የበተኑት ሁሉ እንጂ አንድ ሰው አይደለም፤ በእኔ ቤት የተሳሳተውም ይህ ነው። በወረቀት የተጠራው ተቈጥሮ በቃል የተጠራው ሳይቈጠር ቀረ። ከዚህም ሌላ ሠርጉ የጾም ቀን ላይ የሚውል እንደ ሆነ፥ የጾም ምግብ ብቻ የሚበሉ እንግዶችም ካሉ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። የሙስሊም ወዳጆቻችን ምግብ ደግሞ እርዱ፥ ድስቱና ማዕዱ ለብቻው ስለ ሆነ፥ ለብቻው የተለየ ሠሪና ለብቻው የተቈጠረ እንግዳ ይፈልጋል። ይህ በዕለቱ ጠዋት የሚታሰብ ነገር አይደለም። በሠርግ ዕለት በርበሬ ቅንጠሳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የፎቶግራፍና የቪዲዮ ባለሙያዎች ሥራቸው ምስል ማንሣት ነው፤ ሰዓት መጠበቅ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የተሰጣቸው ሰዓት ካልተወሰነ እስከ ማታም ቢያነሡ ሥራቸውን ሠሩ እንጂ አላጠፉም። ስለዚህ ከሙሽሮቹ ጋር ሰዓት የሚያይ አንድ ሚዜ መመደብ ይገባል። ደግሞም አልበሙና ቪዲዮው ወራት ሳይዘገይ እንዲመጣ ከዋጋው ከፊሉ በርክክብ ቀን የሚከፈል ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ሙሽራ የምታስውበው ባለሙያ ደግሞ በሰዓት ረገድ የዕለቱ ቁልፍ ናት። ሙሽራዋ በሁለት ሰዓት ከቤት የምትወጣ ከሆነ የጠጉሩና የመኳኳሉ ሥራ የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነው። በእርሷ ዘንድ አንድ ሰዓት ቢዘገይ መኪናው፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ፎቶግራፉና ምሳው ተከታትለው ይዘገያሉ። ስለዚህ የእርሷን ሰዓት ሳያውቁ የሌላውን ሰዓት መወሰን አለባብሶ ማረስ ነው፤ አለባብሰው ቢያርሱ ደግሞ በአረም ይመለሱ ተብሏል።

ከገንዘብ ጋር የማይያያዙት ረዳቶችም ሥራቸው ሊዘነጋ አይገባም። ሽማግሌዎች ልጅ ጠይቀው ከተመለሱ በኋላ ሥራቸው ያለቀ አይደለም፤ በሁለቱ ቤተ ዘመዶች መካከል ቅሬታ ሲነሣ የሚያበርዱት እነርሱ ናቸው። ሚዜም ባንድ ቀለም ጨርቅ ልብስ ለማሰፋት ብቻ የሚመረጥ አይደለም። በልማዳችን ሚዜ በሙሽራው ፈንታ ሸክም የሚሸከም፥ በትዳሩም ዘመን ባልና ሚስት ሲጋጩ ቀርቦ የሚያስታርቅ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ነው። እድርም የተቋቋመው ለቀብር ቢሆንም፥ ሠርግና ሞት አንድ ነው እንደሚባለው፥ በብዙ ሰፈር ድንኳኑ፥ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለሠርግም ይውላል። የተቀጠረው ባለሙያ የእድሩን እናቶች «ከዚህ ዞር በሉ» ሲላቸው አይቻለሁ፤ እናቶቹም ተቀይመው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከሠርጉ በኋላ አስተባባሪው ወደ ሌላ ሠርግ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ የትኛው ሥራ ለባለሙያው፥ የትኛው ለእድሩ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለሁለቱም መንገር የባለቤቱ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ የማይረሳ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የክብር መዝገብ ሹም ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ዐዋጅ ቁጥር 213፥ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዐት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም ከእያንዳንዱ ተጋቢ ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። በየትኛውም ሥርዐት ቢፈጸም ግን ጋብቻው መመዝገብ አለበት፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760ም ይህንኑ ያጸናል። ስለ አበባው ቀለም ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ስለ ምዝገባው አንድ ጊዜ ሳንነጋገር የምንቀር ብዙ ነን። የጋብቻ ማስረጃው ግን ጡረታ፥ ውርስ ወይም የውጭ አገር ጕዞ በመጣ ጊዜ ከአልበሙ ይልቅ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር ልመለስ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በመሥሪያ ቤታችን ያለ ቁጥርና ያለ ፊርማ አንዲት ደብዳቤ አናሳልፍም፤ የሠርግ ጊዜ ግን ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደርነውን ብር በመንገድ ዳር ቆመን በቃል ብቻ እንሰጣለን። በባንክ ወይም በቴሌብር ማስተላለፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን እርሱ በራሱ ገንዘቡ መከፈሉን እንጂ የትኛው ሥራ እንደ ተገዛበት አያስረዳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 የቀብድ መሰጠት ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ይናገራል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፥ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ ተደንግጓል። ይህን ሕግ የማያውቅ ደጋሽ ዲጄው በዋዜማው «ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ» ሲለው የሰጠውን ብቻ ለምኖ ይቀበላል። በሌላ በኩል ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ ባለሙያውን ያሰናበተ ደጋሽ ቀብዱ ይመለስልኝ ብሎ የሚጣላበት ምክንያት የለውም፤ ሰውየው ያን ቀን ለእርሱ ብሎ ሌላ ሥራ ሳይቀበል ቀርቷልና።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የዓመቱ መዝጊያ በዓል ሲደርስ አስተማሪያችን አንድ ወረቀት በሰሌዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ወረቀቱ ስም፥ ሥራና ሰዓት የሚሉ ሦስት ረድፎች ነበሩት። ወንበር የሚያነሣው፥ መዝሙር የሚመራው፥ ደወል የሚደውለውና ውሃ የሚቀዳው ሁሉ ስሙ በዚያ ላይ ነበረ። ያን ጊዜ በወረቀቱ እንሥቅ ነበር። እኔም አድጌ ያንን ሥርዐት በክፍሌ ውስጥ ስሠራበት ለእኅቴ ሠርግ ግን ሳላስበው ቀረሁ።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የምመክረው ይህ ነው። ከሠርጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ሁሉንም ባለሙያዎች፥ ከእድሩም አንድ እናት፥ ከሽማግሌዎቹም አንዱን፥ ከሚዜዎቹም አንዱን በአንድ ቤት ቡና አፍልታችሁ አስቀምጡ። በዚያ ላይ ስም፥ ሥራ፥ ሰዓት፥ የተከፈለና የሚቀር ሒሳብ ተጽፎ ይነበብ። ሁሉም ሲነበብ ይሰማ፤ ምክንያቱም ካሜራማኑ የምሳውን ሰዓት፥ ዲጄውም የምርቃቱን ሰዓት የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ምርቃትን የመሰለ ለሁሉ የታወቀ የሚመስለው ነገር በተለይ ይጻፍ። ከዚያም በዕለቱ ከአስተባባሪው ጎን የማይለይ አንድ የቤቱ ሰው ይመደብ። ይህ ሰው አባት ወይም እናት አይሁን፤ እነርሱ እንግዳ ይቀበላሉ። እንደ እኔ ያለው የሙሽራ ወንድምም አይሁን፤ እርሱ ይቈጣል። ዘመዱን ሁሉ በመልክ የሚያውቅ፥ ረጋ ያለ፥ «ያ ሽማግሌ ተነሥቷል፤ ዘፈኑን አቁሙ» ለማለት የሚችል ሰው ይሁን።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ «ሠርግ ፍቅር ነው እንጂ መሥሪያ ቤት አይደለም» ሲል ቀልዶብኛል። መልሴ እንዲህ ነው። ሥራው ያልተደላደለበት ሠርግ ላይ ፍቅሩን የሚያይበት ጊዜ ያለው ማንም የለም። እናት ወጥ ቤት፥ ወንድም በር ላይ፥ አባት በስልክ ይውላሉ፤ ሙሽሪትም ስታለቅስ የሚያያት ካሜራው ብቻ ነው። ሥራው ለየሰዉ የታደለ እንደ ሆነ ግን ቤተ ሰቡ ተቀምጦ ይበላል፤ ተነሥቶም ይመረቃል።

ባለሙያዎቹንም ቢሆን አንድ ነገር ልለምናቸው እወዳለሁ። ከእኛ ከደጋሾቹ ይልቅ ብዙ ሠርግ ያዩ እናንተ ናችሁና፥ የረሳነውን ጠይቁን። «በቤታችሁ ማን ይመርቃል? መቼ ይመርቃል?» የምትለው ጥያቄ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። ያን ወጣት አስተባባሪ ዛሬ ባገኘው ስለ ተቈጣሁት ይቅርታ እጠይቀው ነበር፤ ይህችንም ጥያቄ በወረቀቱ ራስ ላይ እንዲጽፋት እለምነው ነበር።

አዲስ ሠርግ በቤተ ዘመዳችን በቀረበ ጊዜ ሁሉ ወረቀቱን እንድጽፍ የምጠራው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው መሥመር የምጽፈው ምርቃትን ነው፤ አጠገቡም የሚመርቀውን ሽማግሌ ስም።

አክባሪዎ፤
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ